አያቴ የዘፈኑበት ሸማ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዛሬም የጋለ መሣሪያ የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ አርባ ምንጭ ያለው ቤታችንና ታላቅ ወንድሜ ታደሰ አሮጌ ፕሮጀክተር እንደ ጨቅላ ልጅ ታቅፎ በበሩ ሲገባ ፊቴ ድቅን ይላል። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ጓደኞቹ ነበሩ ያዋሱት። ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ግድግዳችን ላይ የሚሮጠውን ብርሃን በእጄ ልይዝ እሞክር ነበር።

በዚያ በጋ ታደሰ በትንሽ ካሜራው የሰፈሩን ሰርግ እየቀረጸ ይውል ነበር። አባታችን ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ ወርዶ ከተማ የገባ ሸማኔ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ የበኩር ልጅ ደግሞ የአባቱን መወርወሪያ ይረከባል፤ ታደሰ ግን መወርወሪያውን ገና ሲያየው ያዛጋ ነበር። እሱ የሚያልመው ዘፈንና ተንቀሳቃሽ ሥዕል አንድ ላይ የሚታዩበትን መድረክ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲገባ እኔን አስከትሎ አያታችን ዘንድ ኦቾሎ ወጣ። የጋሞ ዘፈን አንዱ ሲያነሳው ሌላው በየድምፁ እየገባ የሚሞላው ነው፤ አያቴ ደግሞ ለመስቀል ዘፈን የሚያነሱ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ወደ ከተማ መውረድ ካቆሙ ወዲህ፣ ታች ያሉት ዘፋኞች አንሺ አጥተው ዘፈኑ ያነክስባቸው ነበር። የታደሰ ሐሳብ የአያቴን መልክና ድምፅ ቀርጾ በትልቅ ጨርቅ ላይ ማብራት፣ ዘፋኞቹም ከፊቱ ቆመው ከእሳቸው እንዲቀበሉ ማድረግ ነበር። አያቴ ክርናቸው የተቀደደ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ካሜራው እንዳይረጥብ ጃንጥላ ያዝኩ።

«ይሄ ዓይን የሚያየው እኔን ነው ወይስ ፍየሎቹን?» አሉ።

«እርስዎን ነው አያቴ፣ ዝም ብለው ይዝፈኑ።»

«ዝም ብዬ እንዴት ነው የምዘፍነው?» ብለው ሳቁና ዘፈኑን አነሱት። ታች የአባያ ሐይቅ በጉሙ መሃል ብልጭ ይል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ቤታችን የጨርቅ ክርክር ሆነ። ታደሰ ምንም የሌለበት ነጭ ጨርቅ ነበር የፈለገው።

«ጥለት የሌለው ነጭ የሬሳ ነው» አለ አባቴ። «አባቴን በቁማቸው ልትገንዝልኝ ነው?»

«አባዬ፣ መልክ የሚያርፍበት እኮ ነው፤ ቀለም ካለበት ይበላሻል።»

እናቴ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል፣ «የእናንተ ጭቅጭቅ ጥጥ ቢሆን ኖሮ ስንት ጋቢ በወጣው!» አለች።

በመጨረሻ አባቴ፣ «እሺ እሸምናለሁ፤ ሰው ከሳቀብህ ግን ካሜራህን ሰቅለህ ከእኔ ጋር ሽመና ትቀመጣለህ» አለ። ታደሰ ካሜራውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ «እሺ» አለ። ካሜራውን እንዴት እንደሚወድ አውቅ ነበር።

አባቴ ሸምኖ፣ ቁራጮቹን ገጥሞ ሰፍቶ፣ አጣጥፎ አስቀመጠው። በመስቀል ሰሞን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሰፈራችን ሜዳ ላይ በሁለት እንጨት መሃል ሲዘረጋ፣ ምን አለፋችሁ፣ በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር የጋሞ የክብር ልብስ የሆነው የዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ተጋድሞበታል።

«አበላሸኸው አባዬ!» አለ ታደሰ።

«አለበስኩት እንጂ» አለ አባቴ።

ሌላ ጨርቅ ከየት ይመጣል? ሰው ሞልቷል፣ የሰፈር ልጆችም፣ «ታደሰ፣ አንሶላ ሰቅለህ ልታስተኛን ነው እንዴ?» እያሉ ይሳለቁ ጀመር። ሳቁ እየሰፋ ሲመጣ ወንድሜ መሣሪያውን አበራው።

አያቴ ብቅ አሉ። ጥለቱም ልክ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ያ የተቀደደ ካፖርት ተረሳ፤ ለበዓል ዱንጉዛ የደረቡ ሽማግሌ ሆኑ፣ ነፋሱ ጨርቁን ባወዛወዘው ቁጥርም ልብሳቸው አብሮ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ዘፈኑን ሲያነሱ ከፊታቸው የቆሙት ዘፋኞች አንድ በአንድ እየገቡ ተቀበሏቸው፣ ዘፈኑም ሞላ። የሚስቅ ጠፋ። እንዲያውም አንዲት አሮጊት ተነስተው ለጨርቁ እጅ ነስተው «ዮ ማስቃላ!» ብለው እንኳን አደረሰዎት ሲሉ፣ ሜዳው በእልልታ ተናጋ። እኔም የማን እህት እንደሆንኩ ላልጠየቀኝ ሁሉ ስነግር አመሸሁ።

ዛሬ ታደሰ ለዘፋኞች ክሊፕ ይሠራል። የመድረኩ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ስክሪን ነው፤ ብርሃኑ ከከበሮው ጋር ይመታል፣ ኮምፒውተሩም ዘፋኟ ላይ የፈለገውን ቀለም ያለብሳታል። ያምራል፣ አያምርም አልልም፤ ወንድሜ ነው የሠራው፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የማየው። ግን ያ ብርሃን ነፋስ አያውቀውም። የያኔው እናቴ የፈተለችው ክር ላይ ነበር የሚያርፈው፣ ሲወዛወዝም አብረን እንወዛወዝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ምሽት በኋላ የሽመናውን ነገር ለታደሰ አላነሳበትም። ኦቾሎ መብራት ስላልነበረ በማግስቱ ሥራውን አቁሞ ጀነሬተር ተከራየ፣ ጨርቁን ተሸክሞም ከወንድሜ ጋር ኦቾሎ ወጣ። በአያቴ ደጃፍ ላይ በእጁ ሰቀለውና ከአባቱ ጎን ተቀምጦ፣ ታደሰን «በል አብራው» አለው።