መርፌው ያላየው ድምፅ

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ኑሮዬን ያቀኑልኝን ሰው በቅጡ እንኳ ሳላመሰግናቸው ስለቀረሁ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አይወጣም።

ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ፣ አንድ ቪላ ውስጥ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚቀዳበት ስቱዲዮ ነበር። አንባቢ ሴት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ለፈተና ሄድኩ። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የእናቴና የሦስት ታናናሾቼ ዓይን እኔ ላይ ነው። የጎረቤታችንን ጫማ ተውሼ፣ እየጠበበኝ በእግሬ ደረስኩ።

ስለ ጤፍ አጨዳ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጡኝና ማይክሮፎኑ ፊት አነበብኩ። ኃላፊው ቴፑን መልሶ ሲያሰማኝ ደነገጥኩ። “ጤፍ”፣ “አጨዳ”፣ “ማጭድ” ባልኩ ቁጥር ድምፄ ይሰነጠቃል። እንደገና አስነበበኝ። ያው ነው።

በመቅጃው ላይ ያለውን የድምፅ መለኪያ መርፌ እያሳየኝ፣ “መርፌው ልኩ ላይ ነው፤ ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ ድምፅሽ ነው፣ እህቴ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም” አለኝ። እንባዬን እየዋጥኩ ተነሳሁ።

በሩ አጠገብ አንድ ሸበቶ ሰውዬ መሰላል ላይ ሆነው የመብራት ሽቦ ይጠግኑ ነበር። “ጌታዬ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልሞክር” አሉና ወርደው፣ ኃላፊው ቴፑን ሲያስነሳላቸው ማይክሮፎኑ ፊት አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። መርፌው ትንሽ ንቅንቅ ብሎ ተኛ። ቴፑ ሲመለስ ግን ጭብጨባው ከእኔ ድምፅ ብሶ ተሰነጠቀ።

“እንግዲህ የእኔም እጅ ለሥራው አይሆንም ማለት ነው” አሉ። ኃላፊው ሳያስበው ሳቀ።

“መርፌው ቀርፋፋ ነው፤ የሚያሳየው አማካዩን ነው” ብለው አስረዱት። “ልጅቷ ‘ጤ’ ስትል ድምፁ ለቅጽበት ጫፍ ይወጣል። መርፌው ሳይነሳ ጫፉ አልፏል፤ ቴፑ ግን እሱን መሸከም አቅቶት ነው የሚሰነጥቀው። የመቅጃውን የድምፅ መጠን ዝቅ ያድርጉት፤ እሷም አንድ ስንዝር ራቅ ትበል።”

ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። ጥርት ብሎ ወጣ። ኃላፊው ሁለቴ ሰማውና “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞ ነይ” አለኝ።

ከደስታዬ ብዛት ማንንም ሳልሰናበት ሮጬ ወጣሁ። ሰኞ ስመለስ ሰውዬው ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። የቀን ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ጋሽ ደምሴ እንደሚባሉ እንጂ የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ አልተገኘም።

በዚያ ሥራ ታናናሾቼን አስተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም አነበብኩ። ለማያውቋት ልጅ፣ ያውም አለቃ ፊት፣ አፍ አውጥተው መናገር ግዴታቸው አልነበረም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ በምስጋና ይሞላል። በሕይወት ካሉም፣ ካለፉም፣ ያን ቀን ሳልላቸው የወጣሁትን ዛሬ እላለሁ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ደምሴ።