የአርባ ስምንት ሴኮንድ ጥሪ

እድላዊት በፍቃዱ ከነገሌ የወጣችው በ2009 ዓ.ም. መስከረም አንድ ማለዳ ነው። አባቷ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ በፍቃዱ ከጦር ሰፈሩ በር እስከ መናኸሪያው ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸከሙላት። ሦስት ጊዜ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ገመዱን ፈተሹ። ጥይት ሲያፏጭባቸው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቋጠሮው ከጣታቸው ያመልጥ ነበር።

«አባዬ፣ ይበቃል ይውረዱ። ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ! የሚያለቅሰው ሻንጣ የጠፋበት ነው» ብለው ወረዱ። ከዚያ ጠጋ አሏትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ፣ ካልተስማማሽ ተመለሽ። ማንም ምንም አይልሽም።»

እንደሚባል ግን ሁለቱም ያውቃሉ። የሃምሳ አለቃ ልጅ ነርስ ሆና አዲስ አበባ መቀጠሯን እናቷ እናትነሽ ከቧንቧው ሰልፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አዳርሰዋል። እንዲህ የተወራለት ሰው በሁለት ወሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቢመለስ፣ በየደጁ የሚጠብቀው «ምነው?» ማለቂያ የለውም።

አውቶቡሱ ቀዩን አፈር እያቦነነ ወጣ። ከሰው የሚረዝሙት ኩይሳዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ሸኟት። ክብረ መንግሥት ሲቃረቡ ዛፉ ጥቅጥቅ አለ፣ ሰማዩም ጠበበ። በነገሌ ሰማይ የሚጀምረው ከሰው እግር ሥር ነው፤ እዚህ ግን አንገት ቀና አድርገው የሚፈልጉት ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ስትገባ ደግሞ ሰማዩ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተሰጣ ነጠላ አከለ። እድላዊት በመስኮቱ አሻቅባ እያየች፣ «እዚህ አገር ዝናብ በየት በኩል ይገባል?» ብላ ተገረመች፤ ከዚያ ፈራች።

የቀጠራት ነፃ የጤና ምክር የሚሰጥ የስልክ መስመር ነበር። ከየአገሩ ሰው ይደውላል፤ ነርሶቹ ይጠይቃሉ፣ ይመክራሉ፣ የከፋ ከሆነም አካባቢው ላለው ጤና ጣቢያ ደውለው አምቡላንስ ያስልካሉ። እሷን የፈለጓት የቦረና ኦሮምኛ ከሰፈር ልጆች ጋር አፏን የፈታችበት ስለሆነ ነው። ቢሮው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሊፍት ውስጥ ገባች፤ በሩ ሲዘጋ ሆዷ ምድር ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ በደረጃ ነው። መንገድ መሻገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጭንቅ ነው። አብራት የተማረችውና አሁን አንድ ክፍል የተጋሩት ቀድሪያ በየማለዳው ክንዷን ይዛ ታሻግራታለች።

«መኪና እኮ እንደ ከብት ዓይንሽን አይቶ አይቆምም!» ትላታለች እየሳቀች።

«ከብቱስ ይሻላል፤ ቢያንስ ጥሩምባ አያጮህብኝም።»

ከሁሉ ግን የምትፈራው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት ነበር። ስልክ ስታነሳ አረንጓዴ ሆኖ መቁጠር ይጀምራል፤ አራት ደቂቃ ሲሞላ ቀይ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥሪ ይቀዳል። የሙከራው ጊዜ አርባ አምስት ቀን ነው። ቀይ የበዛበት በአርባ አምስተኛው ቀን ይሰናበታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከቦረና ቆላ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። እድላዊት ያደገችበትን አደረገች፤ ሰላምታ ሰጠች። «ናጋ?» አለች፣ ሰላም ነው ወይ ስትል፤ «ናጋ» አሏት። ሰዉ ሰላም? ሰላም። ከብቱ? ሰላም። ዝናቡስ? ፈጣሪ ይመስገን። ጉዳዩ የጉልበት ቁርጥማት ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። አለቃዋ ሲስተር ፍሬሰንበት ድምፅ ከፍ አድርገው የማያውቁ አጭር ሴት ናቸው፤ ቅጂውን ሁሉም ባለበት አሰሙ።

«የከብቱ ጤና ምን አገባን?» አሉ በቀስታ። «አንቺ ዝናብ ስትጠይቂ፣ ደም የሚፈሰው ሰው ወረፋ ይጠብቃል።»

አጠገቧ የሚቀመጠው ናሆም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ከብት ሐኪም መሆንሽን ለምን አልነገርሽንም?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

ከዚያ በኋላ ተማረች። ሰላምታውን ጨክና ቆረጠችው። «ጤና መስመር፤ ችግሩ ምንድን ነው?» ትላለች፤ ትሰማለች፤ ትዘጋለች። ቀዩ ጠፋ። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም፤ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች ከእርሱ ጋር ትኖር ነበር።

በአርባ አንደኛው ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሰው ደወለ። በመስመሩ ላይ ነፋስ ይሰማል፤ ከነፋሱ ኋላ የከብት ቃጭል።

«አካም?» አለ እየቃተተ፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«ጤና መስመር ነው» አለችው በኦሮምኛ። «ችግሩ ምንድን ነው?»

«ናጋ።»

«የታመመ ሰው አለ?»

«ናጋ ነው። አንቺስ ናጋ?»

ሰዓቱን አየች። «ምን ልርዳዎት?»

ቃጭሉ ራቅ ብሎ ተሰማ። «ናጋ ነው፣ ልጄ» አለ እንደገና።

«ችግር ከሌለ መስመሩን ለሌላ ሰው እንልቀቅ። እናመሰግናለን» አለችና ዘጋች። አርባ ስምንት ሴኮንድ። ናሆም አውራ ጣቱን አሳያት። «ከተሜ ሆንሽ!»

ቀጣዩን አነሳች። አንድ ወጣት ሎሚ ብጉር ያጠፋ እንደሆነ ጠየቃት። እየመለሰችለት ሳለ ሐሳቧ ወደ ፊተኛው ጥሪ ሄደ። ያ ቃጭል ለምን ራቀ? በዚያ ሰዓት ከብት ወደ ውኃ ይነዳል፤ የሚበተን ከብት የሚያይ ባለቤት ስልኩን ጥሎም ቢሆን ይጮህበታል። ይህ ሰው ግን አልጮኸም። ነፋሱ እንደሚነግራት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቷል፣ ከብቱን ለዱር ሰጥቷል፣ «ናጋ» ይላል።

እሷ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በዚያ አገር ቤቱ ውስጥ አስከሬን ያለበት ሰው እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ናጋ» ይላል። ለጠያቂው ሰላም ሳይሰጡ መከራን ፊቱ ላይ መወርወር ነውር ነው። ሰዉ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፤ መከራው ከዚያ በኋላ ነው በር አግኝቶ የሚወጣው። እድላዊት በሩን ዘግታበታለች።

ያለ አለቃ ፈቃድ መልሶ መደወል ክልክል ነው። ሲስተር ፍሬሰንበት በመስተዋት በተከለለው ቢሯቸው ውስጥ ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። ሄዳ ልታንኳኳ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። «አራት ቀን ነው የቀረኝ» አለች ለራሷ። አንድ ሌላ ጥሪ አነሳች። ያቺ ሴትዮ ምን እንደጠየቀቻት ዛሬም አታስታውስም። ስትጨርስ የሰውየውን ቁጥር ደወለች።

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ደገመች። በሦስተኛው ተነሳ።

«ናጋ?» አለች።

«ናጋ።»

«ሰዉ ናጋ? ጎረቤቱ? ከብቱስ?»

ናሆም ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «አበድሽ? ሲስተር እያዩሽ ነው!» በእጇ ዝም እንዲል ምልክት ሰጠችውና ቀጠለች።

«ዝናቡስ ናጋ?»

ሰውየው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ሁሉ ናጋ ነው። አረሮ እባላለሁ። ሚስቴ ግን ከትናንት ጀምሮ በምጥ ላይ ነች። ከጧት ወዲህ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ትንቀጠቀጣለች፤ አትሰማኝም።»

«ኦቦ አረሮ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ፣ ከዚያ ወደ እሷ ይሩጡ። በግራ ጎኗ ያስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም እንዳያስገቡ፣ ውኃም ቢሆን። ቤታችሁ የት ነው?»

በነገሌና በፊልቱ መካከል ነበር። የወረዳውን ጤና ጣቢያ ደውላ አገኘች፤ የአምቡላንሱ ሹፌር ቦታውን አላወቀም። እሷ አወቀችው። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለውን የጭነት መኪና ፈለግ፣ መብረቅ የሰነጠቀውን ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ ያለውን ደረቅ ወንዝ እየነገረች መራችው። ሹፌሩ፣ «ማነሽ አንቺ፣ የዚህ አገር ልጅ ነሽ?» አላት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ሃያ ሦስት ደቂቃ ሲል ሲስተር ፍሬሰንበት ከኋላዋ ቆመው ነበር።

ሲስተር እሷን አስቀምጠው ሁለቱንም ቅጂ በመስተዋቱ ክፍል ውስጥ ሰሙ። ረጅሙን ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። አጭሩን ግን መልሰው ከፈቱት። የሰውየው ትንፋሽ፣ ነፋሱ፣ የሚርቀው ቃጭል፣ ከዚያም የእድላዊት «እናመሰግናለን»።

«ልማዱን እያወቅሽ ለምን ዘጋሽው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ሲስተር ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ከዚያ፣ «ሂጂ፤ ሥራሽን ሥሪ» አሏት።

ወደ ማታ ጤና ጣቢያው ደወለ። ሴትየዋ ነገሌ ሆስፒታል ደርሳለች፤ ሕይወቷ ተርፏል። ሕፃኑ ግን ሞቶ ነው የተወለደው። እድላዊት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መካከል ያለፈውን ጊዜ አሰላች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ያን ሰሞን ቀድሪያ ያቀረበችላት ምሳም እራትም እንዳለ ይነሳ ነበር።

በአርባ አምስተኛው ቀን ተጠራች። ሻንጣዋን በልቧ አስራ ነው የገባችው። ጠረጴዛው ላይ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ሲስተር በእጃቸው የጻፉት ወረቀት፤ ከዚያ አገር የሚደውል ሰው ሰላምታው ሳያልቅ እንዳይዘጋበት የሚያዝ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እስክሪብቶውን ሳታነሳ ቆመች።

«ሲስተር፣ ያ አሥራ አንድ ደቂቃ ባይባክን፣ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር?»

ሲስተር ፍሬሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው ያረጀና የደከመ ነበር፤ እድላዊት እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«አላውቅም» አሉ። «አውቆ የሚነግርሽም የለም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይተርፉ ነበር ወይስ አይተርፉም ነበር፣ እንዲህ የማላውቅላቸው ሁለት ሕሙማን አሉኝ። አንደኛዋን በስሟ አውቃታለሁ።» እስክሪብቶውን አንስተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ፈርሚ።»