ሮዝ ቀሚሱ የጠፋበት ሳምንት

ሞሪስ ኦልድሮይድ የመልበሻ ክፍሉን በር አንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ በጣቱ አንጓ፣ ቀስ አድርጎ። ውስጥ የነበሩት ተጫዋቾች ወሬያቸውን አቋርጠው ተያዩ፤ ያ በር ተንኳኩቶ አያውቅማ። የክለቡ የትጥቅ ኃላፊ ሞሪስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የካልሲውን ቅርጫት በሆዱ ደግፎ፣ በሩን በጉልበቱ በርግዶ ነው የሚገባው። ራቁቱን የቆመ ይቁም፣ የሚሳደብ ይሳደብ፣ እሱ ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

«ማነው?» አለ ግብ ጠባቂው ማርሎን ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ሞ ነኝ። ልግባ?»

ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ንጉሡንም ይዘህ መጥተህ እንደሆነ ይግቡ አሉት። ሞሪስ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ገባ፤ ካልሲዎቹን አደለ። አስቦበት አልነበረም። እጁ ነው ያንኳኳው። ከግራ ሦስተኛው ማንጠልጠያ ሥር የተቀመጠው ኮናር ሄፕዎርዝ ብቻ አልሳቀም። አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ነበር። የተንኳኳው በእሱ ምክንያት መሆኑን ከሞሪስ ቀድሞ ገብቶታል።

ኮናር የሃልስዴል ታውን የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ክለቡን የተቀላቀለው በዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ፣ የምሳው ሳህን ገና ሳይነሳ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። የሚወደው ወንድ ነው፤ ስሙ ሩፐርት ይባላል፤ ሊድስ ውስጥ ልጆች ያስተምራል፤ አብረው ከሆኑ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ መዋሸት ደክሞታል። ይኸው ነው ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ክለብ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ የተናገረ ተጫዋች አልነበረም። አምበሉ ዳን ራፈርቲ ሄዶ አቀፈው። ሁሉም አጨበጨቡ። ምግብ የምታወጣው ዶሪን በጓንቷ እንባዋን ጠረገች።

ቅዳሜ በሜዳቸው ሲጫወቱ ደግሞ፣ የኮናር መለያ ሦስት ቁጥር ነውና፣ በሦስተኛው ደቂቃ ስታዲየሙ ብድግ ብሎ አንድ ደቂቃ ሙሉ አጨበጨበለት። ዝናቡ በጎን እየመታቸው፣ አፋቸው የማይታመነው የኋለኛው መደዳ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። ሞሪስ ከተጫዋቾች መውጫ አፍ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። እነዚህን ሰዎች በሙሉ ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለ ደግነት የት ደብቀውት እንደኖሩ አልገባውም።

እንግዲህ ክፉ ነገር አልደረሰም። ግራ ያጋባው ይኸው ነው። ክፉ ቢደርስ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር፤ አንድ ሰው ክፉ ቃል ቢናገር ቅርጫቱን አስቀምጦ ይጋፈጠዋል። ግን ማንም ምንም አላለም። ልጁ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ይከስማል።

ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ወረቀት መጣለት፤ ምን ማለት ተገቢ እንደሆነ፣ ምን ማለት እንደማይገባ የተዘረዘረበት። ሞሪስ ማድረቂያው አጠገብ ቆሞ፣ መነጽሩ በእንፋሎት እየደበዘዘ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው። መልካም ወረቀት ነበር። ስለ ሮዝ ቀሚሱ ግን ምንም አይልም።

ሮዝ ቀሚሱ የአርብ ቀሚስ ነው። አርብ ልምምድ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አምበሉ እስከ ሦስት ይቆጥራል። በሦስት ሁሉም ዓይኑን ገልጦ በዕለቱ ከሁሉ የባሰ በተጫወተው ላይ ጣቱን ይቀስራል። ያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ የሚሠራው፣ ምሳም የሚበላው፣ ያንን ቀሚስ ለብሶ ነው። አንድ የድሮ ተጫዋች ከቤተ ክርስቲያን አሮጌ ዕቃ ገበያ ያመጣው ነው፤ እጅጌው ሽንሽን፣ ደረቱ ላይ አበባ። ሞሪስ በየዓመቱ ይጥፈዋል፣ ያሰፋዋል። በጠርዙ ውስጠኛ ገጽ ላይ የለበሱት ሁሉ ስማቸውን ጽፈዋል። የኮናር ስም ሰባት ጊዜ አለ፤ ያን ያህል ጊዜ የለበሰ የለም። እስከዚያች ሐሙስ ድረስ በዚያ ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ስድብ የሚወርድበት እሱ ነበር። በመኪናው ይስቃሉ፣ በፀጉሩ ይስቃሉ፣ እናቱ በምትሰድድለት የሥጋ ፓይ ይስቃሉ። እሱም አያንስም፤ ይመልሳል።

ሞሪስ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ፣ ኮናር በተናገረ ማግስት አርብ ክቡ ሳይሠራ ቀርቶ ማንም ያልለበሰውን ቀሚስ ከመንጠቆው አውርዶ፣ በጥቁር ከረጢት ጠቅልሎ፣ ከማሞቂያው ጋን ጀርባ ወሸቀው።

አርብ ደረሰ። ኮናር የዚያን ቀን እግሩ የራሱ አልነበረም። ሦስት ኳስ ከአጥሩ በላይ አሳልፎ ከማዶ ባለው የጡረተኞች የጎመን መደብ ላይ ጣለ። አራተኛዋን ሊመታ ሲል ስቷት በጀርባው ወደቀ። ልምምዱ አለቀ፤ ክብ ሠሩ፤ ራፈርቲ ቆጠረ። ዓይኖች ሲገለጡ ሁሉም ጣት ማርሎን ላይ ነበር።

ማርሎን ያን ዕለት ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ከዚያ ኮናርን አየ፤ ገባው። ኮናር ብቻ ጣቱን ወደ ራሱ እንደቀሰረ ቆሞ ቀረ።

ራፈርቲ ቀሚሱን አምጣ ሲለው ሞሪስ በማጠቢያው ማሽን ውስጥ ተቀደደ አለ። ስለ ልብስ ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አልተከራከረውም፤ እንዲያውም ሁሉም እፎይ ያሉ መሰለው።

የሞሪስ ቅርጫት ሲከብድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላውን እጀታ የሚይዝለት ኮናር ነው። ያን ቀንም ያዘለት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲደርሱ በሩን በተረከዙ ዘጋና ስኮትላንድ ያለ አንድ ክለብ በጥር ሊወስደው እንደሚፈልግ ነገረው። መልሱን እስከሚቀጥለው አርብ ድረስ ይጠብቃሉ። የሚሄድ ይመስለዋል።

ሞሪስ እጁ ላይ ያለውን ቁምጣ አጠፈ፤ ዘረጋው፤ እንደገና አጠፈው።

«ማን ምን አደረገህ?» አለው።

«ማንም ምንም አላደረገኝም። ችግሩ እሱ ነው እኮ። እንግዳ ሆኛለሁ፣ ሞ። ስገባ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። አያቴ የሞተች ሳምንት እንኳ እንደዚህ አላከበሩኝም፤ ራፈርቲ ቀብሯ ላይ በለበስኩት ኮት ሲስቅብኝ ነበር። ዛሬ ከኔ የባሰ የተጫወተ ሰው ካለ አሳየኝ።»

«ማርሎን ትንሽ...»

«ሁለት ቅጣት ምት አድኗል። አንተም አንዱ ነህ። በሩን ታንኳኳለህ። በቤተሰብ ስሜ ሄፕዎርዝ ትለኛለህ፤ ሄፕዎርዝ የሚለኝ ፖሊስ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ሞሪስ እንደ ዮርክሸር ሽማግሌዎች ሁሉ ሰውን ሁሉ «ፍቅሬ» ነው የሚለው፤ ሹፌሩንም፣ ዳኛውንም፣ የተጋጣሚውን አሰልጣኝም። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ግን ለኮናር ሲሆን ቃሉ አፉ ላይ ይቆማል። ቢለው ምን ይመስላል? ባይለውስ? አሁን ሊለው ሞከረ። ቃሉ ወጣ፤ ግን እንደ ትምህርት ቤት ድራማ ተጠንቶ የወጣ ነበርና ሁለቱም ወለሉን አዩ።

ሞሪስ ሳምንቱን በሙሉ ምን ማድረግ እንደሚሻል ሰው ሲጠይቅ ሰነበተ። ሚስቱ ብሬንዳ ድስት እያጠበች፣ ልጁ ቀሚስ ካማረው ስጠውና እንቅልፍህን ተኛ አለችው። ሞሪስ ቀሚስ አላማረውም፣ ነገሩ እንደሱ አይደለም ብሎ ሊያስረዳት ጀምሮ መሃል ላይ ጠፋበት። ራፈርቲ ደግሞ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ብስቅበት ሰደብኩት፣ ባልስቅበት አገለልኩት፣ ሌሊት ሌሊት አንዲት ቀልድ ሳገላብጥ አድራለሁ፣ ጠዋት ስመጣ ቀልዷም እኔም ደክሞናል አለው። ራፈርቲን የሚያህል የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ፣ ክርን የሚያቀምስ የመሃል ተከላካይ፣ አንዲት ቀልድ ሲፈራ ማየቱ ሞሪስን አስገረመው።

ይበልጥ ያወዛገበው ማርሎን ነው። ማርሎን ጓንቱን እያጠበ ነበር። እዚህ ሲመጣ ከቡድኑ ጥቁሩ እሱ ብቻ እንደነበረ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉም እንደ ብርጭቆ ይይዙት እንደነበር አወራው። መቀለድ የጀመሩበትን ቀን ያስታውሳል፤ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ብቻውን ስቋል።

«እንግዲያ ቀሚሱን ላውጣው?» አለ ሞሪስ።

ማርሎን ጓንቱን ጨመቀ። «ከቀልዶቹ ውስጥ ደግሞ ባልሰማኋቸው የሚያሰኙኝ ነበሩ። ያኔም ስቄያለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግርህ የለም፣ ሞ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ባለፈው አርብ ያለ ጥፋቴ የተፈረደብኝ ሰው ነኝ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞሪስ ከረጢቱን ከማሞቂያው ጀርባ አወጣ። ቀሚሱ አቧራ ጠጥቷል። አጠበው። ከዚያ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተኮሰው፤ እያንዳንዱን ሽንሽን። ሲተኩሰው ልክ እየሠራ ይሁን እያበላሸ አላወቀም። አንዴ ምድጃ ውስጥ ልክተተው ብሎ አሰበ። በጠርዙ ላይ የልጁን ስም አየ፤ ሰባቱንም፤ ከመጀመሪያው የልጅ ጽሕፈት እስከ መጨረሻው ፊርማ። ጠዋት አምጥቶ በመልበሻ ክፍሉ መሃል ሰቀለው፤ ማንም ሳያየው ወጣ።

በዚያ አርብ ልምምድ ኮናር ሁለት ኳስ ጎመኑ ላይ ጣለ። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን ሞሪስ ከመስመሩ ዳር ሆኖ ለመለየት ሞከረ፤ አልተለየለትም። ክብ ሠሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ኮናር ላይ የተቀሰረው በመጀመሪያ የማርሎን ጣት ብቻ ነበር። የሌሎቹ እጆች ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ፤ ከዚያ የራፈርቲ ተከተለ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም።

መልበሻ ክፍል ገብተው ኮናር ቀሚሱን በጭቃው ልብስ ላይ አጠለቀ። ዚፑ ወገቡ ላይ እምቢ አለ። ከመታጠቢያው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል። ሞሪስ ባዶ ቅርጫት አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ምነው ባቃጠልኩት ይላል በልቡ።

«አምና ያምርብህ ነበር» አለ ማርሎን። «ወፍረሃል።»

አንድ ትንፋሽ አለፈ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ከግድግዳ ግድግዳ የሚላተም ሳቅ። ራፈርቲ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጭኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አንዱ የእናትህ ፓይ ነው አለ። ሌላው ቀሚሱን ማን ተኮሰው፣ የሚዳር አለ እንዴ አለ። ኮናር ለእያንዳንዱ መለሰለት፤ ለራፈርቲ የመለሰለት እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሁሉም ታጥበው ሲሄዱ ኮናር ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣ። ቀሚሱን አላወለቀም። ስልኩ በእጁ ነው።

«ዘግይቷል» አለ።

«ምኑ?»

«ሳቁ። ሰምተኸዋል እኮ።»

ሞሪስ ሊዋሽ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽቶ ያተረፈውን አይቷል። «ትንሽ» አለ። «አንድ ትንፋሽ ያህል።»

«አንድ ትንፋሽ።» ኮናር የማሽኑን ክዳን ተደገፈ። «ለስኮቶቹ አልመጣም ብያቸዋለሁ። እስከ ግንቦት እዚሁ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

ሞሪስ ደስታው ሳይሞላ ጥርጣሬ ገባው። «የምትቀረው ቀሚሱን ስላመጣሁ ነው ወይስ ባላመጣውም ትቀር ነበር?»

ኮናር አሰበበት። ከልቡ ነበር ያሰበው፤ ግንባሩ ተቋጥሮ። «እኔ እንጃ፣ ሞ» አለ። «እኔም ግራ ገብቶኛል። ያቺን ትንፋሽ ግን በሚቀጥለው አርብ እለካታለሁ።»

«ባታጥርስ?»

«ከዛሬ የባሰ መጫወት ነዋ።»

ሞሪስ ራሱን ነቀነቀ፤ ይስማማ ይሁን ይጠራጠር አይታወቅም። የመለያዎቹን ጋሪ ያዘና ኮሪደሩን ተያያዘው። መሃል ላይ ሲደርስ ከግንቦት በኋላ ስላለው ሊጠይቅ እንዳሰበ ሰው ቆመ፤ አልዞረም፤ ጋሪውን በደረቱ ገፋ አድርጎ ወደ ማድረቂያዎቹ ጩኸት ሄደ።