የላሚቱ ወለድ

አንድ የማንኩሳ ባለሱቅ ላሜን በመያዣ ተቀብሎ፣ እሱ ቤት ሳለች የወለደቻትን ጥጃ ወሰደብኝ። በደሉ ይኸው ነው። ብድሬን ሳላጎድል መልሻለሁ፤ ቀንም አላሳለፍሁም፤ ጥጃዋን ግን አልሰጥም አለኝ። ይህን ለሰው ስናገር ግማሹ «ቀማህ!» ይለኛል፤ ግማሹ ደግሞ «ታዲያ ምን አደረገህ?» ይላል። ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ነው። አንዱ በሬዬ ገደል ገብቶ ሞተ። በሰኔ በሬ የሞተበት ሰው ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም፤ ለከተሜ ቢነግሩትም አይገባውም። ፍኖተ ሰላም ሄጄ የብድር ቢሮ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ «አባቴ፣ መጀመሪያ ቡድን መሥርተው፣ ቆጥበው ይምጡ» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ መስከረም ሊደርስ ይችላል።»

«በመስከረም በሬ ምን ያደርግልኛል? ልረደው?» ብያት ወጣሁ። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። ዝናቡ ግን ቡድን አይጠብቅም።

ቤቴ የቀረችው ዳለቻዋ ላም ነበረች። እሷም የእኔ አይደለችም፤ የሚስቴ ናት። ሚስቴ ስትዳር ከእናቷ ቤት ይዛት የመጣችው ላም ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ቤት የቀራት ይህ ዘር ብቻ ነው። ስለ ላሟ ስታወራ ስለ እህቷ የምታወራ ነው የሚመስለው። ዳለቻዋ ደግሞ እያረጀች ነበር፤ እስከዚያ የጣለችው ሁሉ ወንድ ወንዱን ነው፤ ሴት ጥጃ ሳትጥል ከሞተች ዘሩ ይቆማል። ልሽጣት ብል ሚስቴ ቤቱን ጥላልኝ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ላስይዛት አልሁ። ማስያዝ መሸጥ አይደለም።

«ሙሉ እንደሆነች ትመለሳለች» አልኋት።

«ሙሉ ያልኸውን እንዳትረሳ» አለችኝ።

የማንኩሳው ሱቅ ከፊት ሲያዩት ጨው፣ ሳሙናና የእጅ ባትሪ የሚሸጥበት ነው። ከኋላው ግን ሰፊ ክፍል አለው። የአገሩ ሰው «እስር ቤት» ይለዋል። «ሬዲዮህስ?» ስትለው «ተይዟል» ይልሃል፤ ፖሊስ የያዘው ነው የሚመስልህ። ጋቢ አለ፣ ሞባይል አለ፣ የሙሽራ ካባ አለ፣ ቆርቆሮ አለ። አንድ ጊዜ እንዲያውም የቤት መዝጊያ አይቻለሁ። መዝጊያውን ነቅሎ ያስያዘው ሰው ሌሊት ምን ዘግቶ እንደሚተኛ እግዜር ይወቀው።

ባለሱቁን ሁሉም ያማዋል፤ ሁሉም ወደ እሱ ይሄዳል። ዛሬ «ደም መጣጭ!» ያለውን ሰው ነገ ጋቢውን ጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ታገኘዋለህ። እውነቱን ለመናገር የሰው ዕቃ ሲያጠፋ አላየሁም። ክረምቱ ሲወጣ ጋቢውን ሁሉ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ ያሰጣል። ቀን ካሳለፍህ ግን አያውቅህም። የአንዲት መበለት ካባ ቀኑ አለፈ ብሎ ሸጠባት፤ ያችው መበለት ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረሳትም እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? እኔ እስካሁን ስም አላወጣሁለትም።

ላሟን እየሳብሁ ስደርስ አንድ የአጥቢያችን ሽማግሌ ሬዲዮናቸውን ሊያስለቅቁ መጥተው ሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ሲገባ እንዲህ አያንኮሻኩሽም ነበር» እያሉ ቁልፉን ያሽከረክራሉ። ባለሱቁ ላሟን ዞራት። ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ጫን አደረገ፣ ሆዷን በመዳፉ ዳሰሰ። ያቺን ዳሰሳ ልብ በሉልኝ።

«ትታለባለች?»

«ትታለባለች ጋሼ። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታም አንድ ጣሳ።»

«እንግዲያው በገንዘቡ ላይ ምንም አልጨምርብህም። የወሰድኸውን ያህል ትመልሳለህ። ወለዱ ከላሟ ነው።»

«ይሁን ጋሼ። ወለዱ የእርስዎ፣ ላሟ የእኔ።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ። ወለድ ስል ወተቱን ማለቴ ነበር። ወተት ግን አላልሁም። ፊደል ስለማልለይ ወረቀት አልተጻፈም፤ ባለሱቁ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «እርስዎ ምስክር ነዎት» አላቸው። እሳቸውም ሬዲዮኑን ሳያነሡ «ሰምቻለሁ» አሉ።

በሬ ገዛሁ፣ አረስሁ፣ ዘራሁ። ክረምቱን ሙሉ ላሟ ዘንድ ብቅ አላልሁም፤ ሥራ ነበረብኝ። በጥር በርበሬዬን ቡሬ ወስጄ ሸጥሁና ገንዘቡን በጥለቴ ቋጥሬ ማንኩሳ ሄድሁ። የባለሱቁን ጓሮ ስከፍት ዳለቻዋ ቆማለች፤ ከሥሯ ግንባሯ ቦቃ የሆነች ጥጃ ትጠባለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሴት ናት።

ያየሁትን ነገር ለማመን ጥቂት ቆየሁ። እርጉዝ መሆኗን አላወቅሁም ነበር። ኮርማው ከመንጋው ጋር ነው የሚውለው፤ መቼ እንዳጠቃት ማን ያያል? ደስ ብሎኝ ላሟን «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልኋት፤ እንደ ሰው።

ባለሱቁ ገንዘቡን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና «በል፣ ላምህን ፍታ» አለኝ።

«ጥጃዋንስ በምን ላስራት? ገመድ አልያዝሁም።»

«ጥጃዋ ትቀመጣለች። እሷ ወለድ ናት።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም።

«ጋሼ፣ ወለድማ ወተቱ ነው!»

«ወተት ማን አለ? ከአፌ ወተት የሚል ቃል ወጥቷል? ላምህ በነሐሴ ነጠፈች። እስከ ኅዳር አንዲት ጠብታ ሳላገኝ ድርቆሽ እየገዛሁ ቀለብሁ። ወለዱ የእርስዎ አልኸኝ። ይኸው ወለደች። ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«ይኼ ቅኔ ነው እንዴ?»

«ቅኔውንማ የተቀኘኸው አንተ ነህ ወንድሜ።»

ላሟን ፈትቼ ጎተትሁ። ጥጃዋ ከአጥር ውስጥ ስትጮህ እናቷ በአራት እግሯ ተተክላ ቀረች። እየገፋሁም እየሳብሁም፣ እየተሳደብሁም አደረስኋት። ማንን እንደምሰድብ ግን አላውቅም ነበር።

ሚስቴ ደጅ ላይ ነበረች። ላሟን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት። ጡቷን አየችና ገባት።

«ሙሉ ናት?» አለችኝ።

ነገርኋት። «ሴት ናት ወንድ?» ብላ ጠየቀች። ሴት ናት ስላት ቅሉን ይዛ ላሟ ሥር ቁጭ አለች። አንዲት ጠብታ አልወጣም። የእኛ አገር ላም ጥጃዋ ቀድማ ካልጠባች ወተቷን አትለቅም፤ ጡቷ ቢፈነዳ እንኳ ትይዘዋለች። ሚስቴ ባዶውን ቅል ከፊቴ አስቀምጣ ገባች።

እዚያ ማዶ ደግሞ ባለሱቁ ጥጃ ይዞ ላም የለውም። በጠርሙስ የከተማ ወተት ቢሰጣት አስቀመጣት። ሌላ ላም ሥር ቢያስጠጋት ተረገጠች። ለካ እኔ የማትታለብ ላም ይዤ፣ እሱ የማትጠባ ጥጃ ይዞ ተፋጥጠን ኖሯል። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ባጃጅ እያጓራ ደጃችን ቆመ። ባለሱቁ ኋላ ተቀምጦ ጥጃዋን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፏታል። ኮቱ በእበት ተለውሷል።

«ምን እግር ጣለዎት?» አልሁት።

«ጥጃዬን ላጠባ መጣሁ።»

ሚስቴ ከቤት ወጣች። «ጡት ካለዎት ያጥቡ!» አለችው።

የባጃጁ ሹፌር ሳቁን ለመደበቅ መሪው ላይ ተደፋ። ጥጃዋ ግን የማንንም ፈቃድ አልጠበቀችም፤ ከጭኑ ዘልላ ወርዳ እናቷ ሥር ገባች። ሦስታችንም ቆመን ስትጠባ አየን። ባለሱቁ ፊቱ ላይ ደስታ ያየሁ መሰለኝ። ስለ ገንዘቡ ነበር ወይስ ስለ ጥጃዋ? እንጃ።

ያን ዕለት ባለሬዲዮኑን ሽማግሌ አስጠራን። መጥተው ደጃችን ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጆሮዬ ላይ ሬዲዮ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ» አሉ። «እሱ ወለዱ ከላሟ ነው አለ። አንተ ወለዱ የእርስዎ አልህ። ወተትም ጥጃም ያለ የለም። በወለድ አገድ መሬት ብታስይዝ አበዳሪው አርሶ ሲበላ እህሌን መልስ ትለዋለህ?»

«አልልም አባ።»

«አንተስ» አሉት ባለሱቁን፣ «መሬቱ ሲለቀቅ አፈሩን ዝቀህ ትሄዳለህ?»

«እንዴት ተደርጎ አባ!»

«እንግዲህ ጥጃ እህል ናት ወይስ አፈር? እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም።»

ከዚያ በየርቢ ይታይ ብለው ፈረዱ። የርቢ ማለት አንዱ ላም ሲሰጥ፣ ሌላው ሲያረባ፣ የተወለደውን የሚካፈሉበት ነው። ጥጃ አይሰነጠቅምና እኔ ዘንድ ከእናቷ ጋር ትደግ፤ እሷ የቤቴ ትሁን፤ መጀመሪያ የምትወልደው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ጡት ሲተው ለባለሱቁ ይሰጥ።

«እሷስ መካን ብትሆን?» አለ ባለሱቁ።

«ያን ጊዜ ወለድ የለም» አሉ ሽማግሌው። ሚስቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።

ፍርዱን ተቀበልሁ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። የገዛ ጥጃዬን የመጀመሪያ ልጅ ለምን እሰጣለሁ? ጊደሪቱ እስክታድግ ዓመታት አለፉ፤ በዚያ መካከል የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ትምህርቱ ሞፈር በማይነሳበት በበዓል ቀን ነበር። አንድ ቀን መምህሯ ሰሌዳው ላይ «ወለደ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ወላጅ፣ ልጅ፣ ልደት፣ ትውልድ እያለች ደረደረች። መጨረሻ ላይ «ወለድ» ብላ ጻፈች። እየቆጠርሁ አነበብሁት፤ ወ፣ ለ፣ ድ። እጄን አወጣሁ።

«መምህርት፣ ይኼ ወለድ የገንዘቡ ነው የከብቱ?»

«ቃሉ አንድ ነው አባባ። ገንዘብ ሲወልድ ነው ወለድ የተባለው።»

«ገንዘብ ይወልዳል እንዴ?»

ከኋላ አንዱ «የእኛ አይወልድም፤ መካን ነው!» አለና ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እኔ አልሣቅሁም። ፊደል የተማርሁት እንዳልታለል ነበር። ይኸው ተማርሁና ባለሱቁ ልክ ነበረ ልበል? ወተቱ አይደለም የተወለደው፤ ጥጃዋ ናት። ቃሉን እንዳለ ከያዝነው ጥጃዋ የእሱ ናት። ግን ላሟን ያሳደግናት እኛ፣ ዘሯ የእኛ፣ ያስያዝናትም ተጨንቀን እንጂ ልናረባ አይደለም። የተጨነቀ ሰው ቃል እንደ ቅኔ ይፈታል እንዴ? እንዲህ እያልሁ ወደ ቤቴ ስሄድ የቤቴን መታጠፊያ አልፌው ሄጃለሁ።

ጊደሪቱ በጊዜዋ ወለደች። ወንድ ነው። ሚስቴ እፎይ ብላ «ተመስገን፣ ይሂድለት» አለች፤ ዘሩ ቤት ቀርቶላታል። እሷ ተፈታች፤ እኔ ግን እንደታሰርሁ ነበርሁ። ወይፈኑ ጡት ከተወ በኋላ በገመድ እየሳብሁ ማንኩሳ ወረድሁ። ባለሱቁ አርጅቷል። ወይፈኑን ያኔ አያቱን እንደዞራት ዞረው፤ ጥርሱን አየ፣ ጀርባውን ደባበሰ።

«ጥሩ አድርገህ አሳድገኸዋል» አለኝ። ከሱቁ ገብቶ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ወጣ። «ለባለቤትህ ስጥልኝ። ጡት ካለዎት ያጥቡ ያለችኝን አልረሳሁትም።»

ስኳሩን ልቀበል ወይስ ፊቱ ላይ ልበትነው አላወቅሁም። ተቀበልሁ። ከዚያ ስንት ዓመት ሳብላላው የኖርሁትን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እግዜርን ይዘው ይንገሩኝ። ያን ቀን ሆዷን ሲዳስሱ እርጉዝ መሆኗን አውቀዋል?»

ወይፈኑን ከግንዱ እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም።

«እኔ የሱቅ ነጋዴ ነኝ፤ አንተ ገበሬ ነህ። ላሟ አንተ ቤት ስንት ዓመት ኖረች? አንተ ሳታውቅ እኔ በአንድ ዳሰሳ አወቅሁ ነው የምትለኝ?»

«አላወቁም ማለት ነው?»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

አውቆ ከሆነ ሌባ ነው። ካላወቀ ደግሞ ላም ሥር ተወልዳ ያገኛትን፣ በቃሌ የሰጠሁትን የተቀበለ ሰው ነው። የሱ ዓይን ደግሞ የማያነቡት ጽሕፈት ነው፤ ፊደል ተምሬም አላነበብሁትም። በሩ ላይ አንድ ሰው ጋቢ ጠቅልሎ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ አልፌው ወጣሁ። ተጠንቀቅ ልበለው ወይስ አይዞህ ልበለው ግራ ገባኝ።

ስኳሩን ለሚስቴ ሰጠኋት። ጉዳዩ ያለቀበትን ቀን እንዳልረሳው በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ የካቲት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.