አዞው «ሁ» ነው ወይስ «ዊች»?

አርባ ምንጭ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት አንድም ቀን ያልተጠራጠርኩት ሕግ ቢኖር ይህ ነው፦ ለሰው «ሁ»፣ ለእንስሳና ለዕቃ «ዊች»። አማርኛችን ሰውንም አህያንም ድንጋይንም «የሚ» ብሎ ስለሚገላገል ተማሪዎቼ ይሄን ልዩነት አይወዱትም። እኔ ግን ስህተታቸውን በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ደስ ይለኝ ነበር። ከአስተማሪነት የተረፈኝ ደስታ እሱ ነበር ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቅዳሜ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ቱሪስት በጀልባ የሚያዞሩ ሽማግሌ አስጠሩኝ። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል የማስተምራት ናት። ፈረንጆቹ እጃቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ስላስቸገሯቸው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሊያቆሙ ፈልገዋል። እኔም «እጃችሁን አታስገቡ፤ ሰው የሚበላ አዞ አለ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ በ«ዊች» አድርጌ ጻፍኩላቸው።

ልጅቷ አነበበችውና «‹ዊች› እኮ ለዕቃ ነው፣ አባባ። ለባልዲም ይሆናል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሁለት ጣት ይጎድላል።

«መምህር፣ ይሄን የወሰደው ባልዲ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰዋስው ነው እንጂ ንቀት አይደለም። እንስሳ ስለሆነ ነው።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያቺ ፈረንጅ የውሻዋን ፎቶ ስታሳየን ምን ነበር ያለችው?»

«‹አልጋዬ ላይ የምትተኛው› ስትል ‹ሁ› ነው ያለችው።»

«አልጋ ላይ የተኛ ውሻ ሰው ከሆነ፣ የእኔን ጣት የበላው ምን አነሰው?»

መሸሻ ይሆነኛል ብዬ «ዛት»ን አቀረብኩ። ለሰውም ለባልዲም እንደሚሆን ሳስረዳቸው ይባስ ተቆጡ። በመጨረሻ «ሁ» ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ እንደጻፍኩት ለማንም እንዳይናገሩ ግን ለመንኳቸው።

ሰሌዳው ከቆመ ወዲህ ፈረንጆቹ ያነቡና ይስቃሉ፤ ከዚያ «ስሙ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሽማግሌው የማይወዷቸውን የአማታቸውን ስም ይነግሯቸዋል። የሚገርመው፣ ስም ያለው አዞ ያስፈራል መሰለኝ፣ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል።

ችግሩ ክፍል ውስጥ መጣ። በፈተና ላይ ልጅቷ አጥር ለሰበረ በሬ «ሁ» ብላ መለሰች። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ፣ ሰሌዳው ትዝ አለኝ፣ አፍሬ «ትክክል» አደረግኩላት። በማግስቱ ግማሹ ክፍል ወረቀቱን ይዞ ተሰለፈ። ለላሟም ለዶሮዋም ማርክ ሰጠሁ። የመጨረሻው ተማሪ «ሁ» የጻፈው ለባጃጅ ነበር።

«ይሄስ አይሆንም» አልኩት።

«ቲቸር፣ አባቴ ባጃጁን ከእኔ በላይ ነው የሚወደው» አለኝ።

ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።