የአባቴ ድምፅና የቆሙት ሽማግሌዎች

አባቴ ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ጯሂ ግን ነበር። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞች አለቃ፣ በእነሱ አጠራር ካቦ ነበር። ሰዎቹ ያንን ከባድ ብረት እኩል የሚያነሱት እሱ ሲጣራ ነው፤ ባቡር ሲመጣ ከመስመሩ ዘለው የሚወጡትም እሱ ሲጮህ ነው። ብዙዎቹ የቱሉ ዲምቱ ገበሬ ልጆች ስለነበሩ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይጮህላቸዋል። ቤታችን ከሐዲዱ ስለማይርቅ እናቴ ድምፁን ከጓሮ ሆና ታዳምጣለች። ከተሰማት ዛሬ ቅርብ ናቸው ብላ ትኩስ ምሳ ትልክለታለች። ካልተሰማት ግን ርቀው ሄደዋል ማለት ስለሆነ ማታ ሲመጣ የቀዘቀዘውን ይበላል።

ያ ድምፅ ሻከረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ዝንጅብሉም፣ ማሩም፣ ዳማከሴውም ተሞከረ። እየቆየ ሲሄድ ጧት ጧት ጭራሽ ይጠፋ ጀመር፤ ሲመለስም የዛገ ማጠፊያ ያለው በር ነበር የሚመስለው። ሐኪም ቤት ሂድ ስንለው "ሲሞቅ ይለቀኛል" ይላል። ፊሽካ ያዝ ሲሉት ደግሞ ይባስ ብሎ ይቆጣል፤ ፊሽካ ለኳስ ጨዋታ ነው ባይ ነበር።

ልቡን የሰበረው አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። ባቡር ሲመጣ ጮኸ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ጎንበስ ብሎ ብሎን ያጠብቅ የነበረውን ሠራተኛ ጓደኛው በሸሚዙ ጎትቶ አወጣው። ማንም አልተጎዳም። ይህን የነገረን እሱ ሳይሆን ራሱ የተጎተተው ሰው ነው፤ እንደ ቀልድ አድርጎ ነገረን። አባቴ ግን የዚያን ቀን ራቱን አልበላም። የጣቢያው ኃላፊም ወይ ታከም ወይ መጋዘን ጠባቂ ትሆናለህ አለው። አባቴን መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እሱን አንድ ቀን ማየት ይበቃል።

እኔና እናቴ ይዘነው በባቡር ለገሃር ወረድን፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ሐኪሙ ቀጭን፣ ትሕትና ያለው ወጣት ነበር። እጀታ ያላትን ትንሽ መስታወት በእሳት ሞቅ አድርጎ አባቴ ጉሮሮ ውስጥ ከተታትና ለረጅም ጊዜ አየ።

"አባባ፣ ድምፅ የሚያወጣው ሥጋዎ ላይ አንዲት ነገር በቅላለች" አለው። "ምን እንደሆነች በመስታወት አይታወቅም። ገብቼ ላወጣትና ላስመረምራት ይገባል።"

እኛ አገር ስሙ የማይጠራ አንድ በሽታ አለ፤ ያ ክፉ በሽታ ብቻ ይባላል። ሦስታችንም ያንን አሰብን።

"በምንድን ነው የምትገባው?" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ አሳየን። ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ነው። እጀታ አለው፤ ጫፉ አጠገብ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ አምፖል አለች። ይህ ብረት የሰው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ያምናል?

"አይታጠፍም?" አለ አባቴ።

"አይታጠፍም። የሚስተካከሉት እርስዎ ነዎት። በማደንዘዣ እናስተኛዎትና ራስዎን ወደ ኋላ እናዘነብለዋለን። አፍዎና ጉሮሮዎ አንድ መስመር ሲሆኑ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይገባል። በውስጡ እያየሁ በረጅም መቆንጠጫ እይዛታለሁ። ምላጭ አንገትዎን አይነካም።"

አባቴ ቱቦውን ተቀብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና በመስኮቱ በኩል ዛፉን አየበት። ቀጥሎ ወደ እኔ አዞረው። "ባቡርም እንዲሁ ነው" አለ በዚያ በሻከረ ድምፁ። "እሱ አይታጠፍም፤ መስመሩ ነው የሚስተካከልለት።" ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦው አንድም ቀን ፈራሁ ሲል አልሰማሁትም። ሐኪሙ ብረቱ የላይኛውን ጥርስ ሊጫነው ስለሚችል የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለው ጠየቀው። "ጥርስ ሠራተኛ አይጣራም" አለ አባቴ። "ከወለቀ ይውለቅ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ለማንም እንዳትናገሩ አለን፤ ለጎረቤትም፣ ለዘመድም፣ ለሥራ ባልደረባም። የዓመት እረፍት ወጣ ይባል። ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ የታመመ ሰው ቤት በሕይወት እያለ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ሲታዘንለት አይወድም።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገ ቀን ከእናቴ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እሷ ለሳሪስ አቦ ጃንጥላ ተሳለች። እኔ ምን ልሳል ብዬ ሳስብ በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ውስጧ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ተቀምጣለች። ጥርሱ እንኳ አልወለቀም አለን። ምስሯን ሳያት ተናደድኩ። ይቺን የምታክል ነገር ናት ያንን የሚያክል ድምፅ ያፈነችው?

ምስሯ ወደ ምርመራ ክፍል ሄደች፤ ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። እስከዚያ ድረስ ቁስሉ እንዲድን አባቴ ዝም ማለት አለበት። ማንሾካሾክም ክልክል ነው፤ ሐኪሙ እንዳለን እንዲያውም ከመናገር ይብሳል። ድምፅ አውጥቶ መሳቅም የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ "እሱ ዝም?" አለችና ሐኪሙን አየችው።

ዝም አለ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ የገረመኝ ነገር ጥቂት ነው። በመሠረተ ትምህርት የተማረውን ፊደል በጠመኔ እየጻፈ ሊያነጋግረን ሞክሮ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ንዴቱ ስለሚቀድመው ጠመኔውን ወረወረው። ያዳነን የእኔ ሥራ ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። እዚያ ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ ጆሮ ሥር ቢጮሁም አይሰማም፤ ሁላችንም የምንነጋገረው ከንፈር በማየትና በእጅ ነው። አባቴ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እኔ እንደ ጋዜጣ አነበዋለሁ።

"ምን አለ?" ትላለች እናቴ።

"ወጡ ጨው አንሶታል።"

"ድምፁ ቢሄድም ጨውን አይረሳም" ትልና ጨው ልታመጣ ትነሣለች።

በዚያው ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። ተዋደናል፤ ተግባብተናል፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። የአባቴን ነገር ለእሱም አልነገርኩትም፤ ቃል ገብቻለሁና። አንድ ቀን አባትሽ ደህና ናቸው ወይ ሲለኝ "ደህና ነው፣ እረፍት ላይ ነው" አልኩት። እኔ ይህን ስል ነገሩን ዘጋሁት ብዬ ነው። እሱ ግን አባትየው ቤት አሉ፣ ከሥራ አርፈዋል፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል ብሎ በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ፤ አባቴ ከፈተ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ገብተው ሳሎኑ መካከል ቆሙ። በመጋረጃው ስንጥቅ ሳያቸው ለምን እንደመጡ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌ ሲመጣ አይቀመጥም፤ የቤቱ ጌታ ተቀመጡ ብሎ ቃል እስኪሰጥ ቆሞ ይጠብቃል።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ተናገሩ። "ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው። ቃልዎን እስክንሰማ እንቆማለን።"

አባቴ ደስ ሲለው አውቀዋለሁ፤ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ፤ አፉን ከፈተ። ወዲያው የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ አለውና ድምፁ እንዳያመልጠው በመዳፉ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ።

አሁን እስቲ ሽማግሌዎቹን አስቡልኝ። ልጅህን ስጠን የተባለ አባት ፊቱ ቀልቶ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል። አንዱ ሌላውን አየው። አባቴ በሌላው እጁ ወደ ወንበሮቹ አመለከተ፤ ወንበሮቹ ግን በሩ አጠገብ ስለነበሩ በሩን ያሳያቸው መሰላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው "እንግዲህ ካስቀየምን ይቅርታ" አሉና ዞሩ።

ጓዳ ያለች የምትለመን ልጅ በዚያ ሰዓት አትታይም፤ አትሰማም። እኔ ግን መጋረጃውን ገልጬ በእጄ ላይ ሊጥ እንዳለ ወጣሁ።

"አባዬ ተቀመጡ እያላችሁ ነው" አልኩ። "ጉሮሮውን ታክሞ እንዳይናገር ሐኪም ከልክሎት ነው እንጂ አልተቀየመም።"

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ ልጄ?"

"የመጣችሁልኝ እኔ ነኝ።"

የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "አትሳቅ!" አልኩት። አፉን እንደያዘ እንባው እስኪወርድ ድረስ ያለ ድምፅ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። የተቀመጠ ግን የለም።

"ልጄ፣ ሰምተንሻል" አሉኝ ሽማግሌው በርኅራኄ። "እኛ ግን የተላክነው ለአባት ቃል ነው። ከእሳቸው አፍ ካልሰማን አንቀመጥም። እምቢ ስላሉን ሳይሆን ገና ስላልመለሱልን ነው። ድምፃቸውን እግዜር ይመልስላቸው፤ ሲመለስ ይጥሩን።" እንደቆሙ መጥተው እንደቆሙ ሄዱ። አባቴ እስከ ደጅ ሸኛቸው፤ ሲመለስ ጆሮው እንደቀላ ነበር፤ ፊቱ ግን አዝኗል።

ምስጢሩ ወጣ። ሠራተኞቹ በሙሉ ሊጠይቁት መጡ። እሱ ዝም ስላለ ብቻ እነዚያ ብረት የሚያነሱ ወንዶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ያንሾካሹኩ ነበር። የተጎተተው ሰውም መጥቶ ነበር፤ የአባቴን እጅ ይዞ ለረጅም ጊዜ ሳይለቅ ቆየ። እኔ በእነዚያ ቀናት ፈራሁ። ምስሯ ክፉ ከሆነች ድምፁ ይቀራል፤ ድምፁ ከቀረም ያ ቃል አይወጣም። ሠርጌና የአባቴ ጉሮሮ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነበሩ።

ውጤቱን ልንሰማ ሦስታችንም ለገሃር ወረድን። ሐኪሙ ገና ስንገባ ፈገግ አለ። "ክፉ ነገር የለባትም፤ ከጩኸት ብዛት የበቀለች ናት" አለን። እናቴ እልል አለች። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ ሲያየን አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አላት። ይህን እድሜ ልኳን አልረሳችለትም።

ሐኪሙ በመስታወቷ እያየ "ኢ ይበሉ" አለው። አባቴ "ኢ" አለ። ቀጭንና ንጹህ ነበር። "ድነዋል" አለ ሐኪሙ። "ከዛሬ ጀምሮ ቀስ ብለው፣ ጥቂት ጥቂት ይናገሩ። መጮህ ግን ቀርቷል።" አባቴ ራሱን ነቀነቀ። በኋላ እስከ ጡረታው ድረስ ያንን የናቀውን ፊሽካ እየነፋ በመስመሩ ላይ ሠርቷል፤ መጋዘኑን ሌላ ሰው ጠበቀው። የዚያን ቀን ግን የሐኪሙን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

በባቡር ስንመለስ እናቴ ተቆጣች። "ሐኪሙ ፈቅዶልህ ምን ትጠብቃለህ? ስሜን እንኳ ጥራ።" እሱ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"ምን አለ?"

"እሑድ ይላል" አልኳት። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ፤ እንባዬ መጥቶ ነበርና።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ። እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለብሳለች። እኔ ጓዳ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ ምንም ቢመጣ አልወጣም ብዬ ምያለሁ። ሽማግሌው ፈጽሞ መጥተው እንደማያውቁ ሁሉ ያንኑ ንግግራቸውን ከመጀመሪያ ጀመሩ፤ ቃልዎን እስክንሰማ እንቆማለን ብለው ጨረሱ።

አባቴ ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ሐኪሙ አትጥረግ ብሎታል። ከወንበሩ ሲነሣ ሰማሁ።

"ተቀመጡ" አለ።

የድሮው ድምፁ አልነበረም። ሐዲዱን ተሻግሮ ጓሯችን አይደርስም። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሳሎኑን ብቻ የሚሞላ ድምፅ ነበር። ሦስት ወንበሮች ተራ በተራ ሲንቋቁ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው እኔም እስከዚያች ደቂቃ ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት፤ ጓዳ ውስጥ የጤፍ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።