ጥቢ በእናቴ ጓሮ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እኔና እናቴ እንፎካከራለን። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እሷ ደሴ፣ አባቴ አላህ ይዘንለትና ሰኞ ገበያ ጨርቅ ነግዶ በሠራው ቤት ትኖራለች። ፉክክራችን የጥቢን ምልክት በየጓሯችን ቀድሞ ማየት ነው። ቢራቢሮ ጎመኑ ላይ ማንዣበብ ሲጀምር፣ ሸረሪት አጥሩ ላይ ስታደራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጋውን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ የከረመው ወንዱ የመስቀል ወፍ ጥቁርና ቢጫ ሲለብስ እደውላለሁ።

«እማ፣ ለበሰ!»

«ውሸትሽን ነው! የኛ ገና ነው፤ እዚህ ብርዱ መቼ ለቀቀን?» ትለኛለች።

ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ ሁልጊዜ የምረታት እኔ ነኝ። አምና ነሐሴ ላይ ግን ቀድማኝ ደወለች።

«ዘንድሮስ ረታሁሽ! አጥሩ ላይ ነው፣ ቢጫው ያበራል። ወላሂ፣ ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።»

የኔ ጓሮ ወፍ ገና ዝንጉርጉር ነበር። ደጋው ቆላውን እንዴት ቀደመው እያልኩ ዓርብ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። እናቴ ሻይ እንኳ ሳትለኝ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ያውልሽ፣ እዪው» አለች ወደ ኮሽሙ አጥር እየጠቆመች።

የጠቆመችው ነፋስ አምጥቶ እሾኹ ላይ የሰካው ቢጫ ፌስታል ነበር። እውነተኛው ወፍ ከበላዩ የመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጦ ላባውን ያራግፋል፤ ገና ቡናማ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ዞሬ ዓይኖቿን አየሁ።

«እማ፣ ዓይንሽ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?»

ሻሿን እያስተካከለች «ጉም መስሎኝ ነበር» አለች። «ደሴ ጉም መች ታጣ? ይገፈፋል እያልኩ ስጠብቅ አልገፈፍ አለኝ። አንቺን ደግሞ ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም።»

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሯት «የዓይን ሞራ ነው፣ እማማ። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ያያሉ» ሲላት አላመነችም። «ዓይኔን በምላጭ?» ብላ ልትነሳ ስትል ያረጋጋቻት እዚያው ተራ ትጠብቅ የነበረች፣ ከኩታበር የመጣች ሴት ናት። አንዱን ዓይኗን ቀድማ ታክማ ለሁለተኛው መምጣቷ ነው። «እኔን አያዩኝም? በዚህኛው ዓይኔ መርፌ ክር አስገባለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለቻት። እናቴ የማታውቃትን ሴት እጅ ይዛ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገባች። ያቺን ሴት ዳግም አላገኘኋትም፤ ዱዓዬ ግን ሁልጊዜ ያገኛታል።

ፋሻው በማግስቱ ተፈታ። ቤት እንደደረስን እናቴ በርጩማዋን ይዛ ጓሮ ወጣች። ዓይኗን ወደ መብራት ሽቦው አነሳች። ወፉ ገና ሙሉ በሙሉ አልለበሰም ነበር፤ ትከሻው ላይ ብቻ ትንሽ ቢጫ ብቅ ብሏል። እሷ ግን ያችኑ አየቻት።

«ትከሻው ላይ ጀምሯል» አለች ቀስ ብላ። «ማሻአላህ። ከትከሻው እንደሚጀምር ረስቼው ነበር።»

ከዚያ ዞር ብላ እኔን ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«ቆየሁ እኮ፣ እማ።»

«ያምርብሻል» አለችና ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔስ ማልቀስም ቃጥቶኝ ነበር።

ሳቁ ግን ብዙም አልቆየ። ወደ ጎመን መደቡ አንገቷን አስግጋ «እንዴ! ትል እንዲህ ሲጨርሰው ዝም ብለሽ ታያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እንዳታጎነብስ ሐኪሙ ከልክሏት ስለነበር በርጩማዋ ላይ ሆና በጣቷ «እዚያ፣ ከቅጠሉ ሥር፤ ሌላም አለ» እያለች ታሳየኛለች፣ እኔ እለቅማለሁ። የምትጠቁመውን ሁሉ አገኘሁት። አንዱንም አልሳተችም። ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ አልተመለስኩም።